የጎደለው አራት ኦም

ጎረቤቴ ጠጋኙ፣ ሱቁ ራዲዮም ይምጣለት ቴፕም፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስፒከሩ ስንት ኦም ነው?» ብሎ ስለሆነ ሰፈሩ ጋሽ ኦም ብሎት ቀረ። እኔ ከጎኑ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኦም ምን እንደሆነ ያስረዳኝም እሱ ነው፤ በደንብ ከገባኝ።

«ስፒከሩ ኮረንቲውን የሚገታበት ልክ ነው» ይለኛል። «የማይገታ ስፒከር ከቀጠልክበት አምፕሊፋየሩ እምቢ ማለት አያውቅም። ሲሰጥ ሲሰጥ ይቃጠላል።»

አላገባም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ያድራል፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቱ ትኖር ነበር።

በክፍሉ ውስጥ ዋጋ ያለው ዕቃ አንድ ባለ ራዲዮ የሆም ቴአትር አምፕሊፋየር ነው። አንድ ባለ ሆቴል አራት ስፒከር ባንድ መውጫ ላይ ጠምዝዞ አቃጠለውና «ውሰድልኝ፣ ቆሻሻ ነው» አለው። ጋሽ ኦም ሦስት ወር ታግሎ አስነሳው። ጀርባው ላይ ከስምንት ኦም በታች እንዳይገናኝ ተጽፏል። ያኔ እሱ ዘንድ የነበሩት ስፒከሮች ግን ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈቱ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አራት ኦም።

ስለዚህ ሁለቱን አያያዛቸው። ሽቦው ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ መጀመሪያ በእሱ ስፒከር ያልፋል፤ ከዚያ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ በእህቱ ስፒከር ዞሮ ይመለሳል። አራትና አራት፣ ስምንት። ለእሷ ከራስጌዋ ማብሪያ ማጥፊያ አደረገላት። መንገዱ አንድ ስለሆነ ታዲያ እሷ ስታጠፋ የእሱም ጸጥ ይላል።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የራዲዮ ድራማ ይሰማሉ፤ እሱ በዚህ፣ እሷ በዚያ። እንቅልፍ ሲመጣባት ማጥፊያውን ቀጭ ታደርገዋለች። ያኔ ጩኸቱ እኔ ቤት ይደርሳል።

«አንቺ ሴትዮ! ገዳዩን ሊናገር ሲል?»

«ገዳዩ ሐኪሙ ነው። ሂድ ሥራህን ሥራ!»

«በምን አወቅሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ዓይኑ አላማረኝም!»

«በራዲዮ ዓይኑን የት አየሽው?»

ተኝታለች። እሱም እየተነጫነጨ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል።

«አምፕሊፋየርህ አምስት መውጫ አለው፤ ለምን አንዱን ለብቻዋ አትሰጣትም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለየብቻ ሲሆኑ አራት አራት ናቸው፣ ያንሳሉ። አንድ ላይ ካልሆኑ አይሆንም» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት የእህቱ ልጅ ከሌላ ከተማ መጣች። የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው። ያን ቀን ኮፒ ማድረጊያዬ ሽቦው ተበጥሶ ላስበይድ እሱ ዘንድ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ እማዬን ልወስዳት ነው» አለችው ልጅቷ። «እሷ ግን አንተ ቅሪ ካልካት እቀራለሁ ትላለች። ምን ትላለህ?»

እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች፤ የምትጠብቀው የእሱን አፍ ነው። እሱ ቴስተሩን ይዞ የሚለካ ነገር ይፈልጋል።

«ለእሷ የሚሻለው ይሁን» አለ።

«አየሽ?» አለች እህቱ ለልጇ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ስፒከሩን ልተውልህ?»

«ውሰጂው። እኔ ሌላ አላጣም።»

ራሱ ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለለላት። ሳይጠቀልለው በፊት ጀርባው ላይ በስክሪፕቶ ጻፈበት፤ «4 ኦም። ብቻውን አይገናኝ።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ከጎረቤቴ ድምፅ አልነበረም። በሳምንቱም አልነበረም። በሩ ይገረበባል፤ ውስጥ ግን ጭጭ ነው።

«ሁለቱን የሽቦ ጫፍ አገናኛቸዋ፤ ያንተ ይሰራል» አልኩት።

«አራት ብቻ ይቀራል። ይቃጠላል።»

«ሌላ ስፒከር ፈልግ።»

«እፈልጋለሁ።»

መደርደሪያው ላይ ተፈቶ የተቀመጠ ስፒከር ሞልቶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ድራማው ተሰማ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በእህቱ ክፍል፣ ስፒከሩ በነበረበት ቦታ፣ ቆርቆሮ ላይ ጣት የሚያክል ነጭ ነገር ተቀምጧል፤ ሽቦው በእሱ በኩል ያልፋል።

«ሬዚስተር ነው» አለኝ። «አራት ኦም። የእሷ ስፒከር የሚወስደውን ያህል ይወስዳል። ድምፅ የለውም፤ ይሞቃል እንጂ።»

የእሷ አልጋ ተነጥፎ ነበር። ትራሱ ላይ አቧራ አልነበረም።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ድራማው አለቀ። ማስታወቂያ መጣ፤ ቀጥሎ ስለ አፈር ማዳበሪያ፣ ቀጥሎም ኳስ። በሩ እንደተገረበበ ነው። አንድ ሰው ራዲዮ ታቅፎ ደጁ ላይ ቢቆም ቢቆም የሚያስተናግደው አጣ። ገባሁ። ጋሽ ኦም ወንበሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

«ሰው እየጠበቀህ ነው።»

«መጣሁ፤ አሁን ታጠፋዋለች» አለኝ።

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ።

«ደውልላት፣ ጋሽ ኦም።»

«ምን ብዬ?»

«ነይ ብለህ ነዋ።»

«ያኔ ፊቴ ቆማ ያላልኩትን?»

ተነሳ። አምፕሊፋየሩ እጁ አጠገብ ነበር፤ ቁልፉን አልነካውም። ዞሮ ወደ እህቱ ክፍል ገባ፣ ከራስጌዋ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገ። በዚህኛው ክፍል ኳሱ መሃል ላይ ተቋረጠ።

ቶሎ አልወጣም። በሩ ላይ ሆኜ ሳየው ጎንበስ ብሎ እጁን ሬዚስተሩ ላይ አስቀምጦ ነበር።

«ገና አልቀዘቀዘም» አለኝ።