ለዘውድነሽ የተነፋ ጡሩምባ

ጋሽ ልደቱ የካ ዳገት ላይ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰፈሩ ገና በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሲዋልል፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ሲውጣቸው፣ ማን እንዳረፈ የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ሰው በማለዳ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ባለቤታቸው ዘውድነሽ ብቻ ትስቅባቸው ነበር። «ለእኔ ስትነፋ አደራ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብለህ እንዳታሳጥረው» ትላቸው ነበር።

ዘውድነሽ ያረፈችው በኮሮና ጊዜ ነው። ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ጡሩምባው ቀረ፣ ድንኳኑ ቀረ፣ ጎረቤት አፉን ሸፍኖ በየመስኮቱ ቀረ። የስንቱን ሞት ያወጁ ሰውዬ የገዛ ሚስታቸውን እንደ ሌባ ተደብቀው ቀበሯት። ይሄ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም።

ዘንድሮ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታይ፣ ወንጀልን በቀልድ የሚያወራ ተከታታይ ድራማ ነው የሚሠሩት። በዚህኛው ክፍል ሁለት ወንድማማቾች ለቤት ብለው አጎታቸውን አቶ የማነን ይገድሉና ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጠው ደረት ይመታሉ። አዘጋጇ ናዝሬት፣ አንድ ቦታ መቆም የማትችል ቀልጣፋ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የእውነት ጡሩምባ ነፊ ነው የምፈልገው። ነፋ ያደርጉና ‹አቶ የማነ ዐርፈዋል› ይበሉልኝ» አለቻቸው።

እሺ አሉ። አሉና ጨነቃቸው። ባልሞተ ሰው ስም ጡሩምባ ይነፋል እንዴ? ሟርት አይደለም ወይ? በዚህ ሰፈር ስንት የማነ አለ!

በቀረጻው ማለዳ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ካሜራው ጉሙ ላይ ሲያፈጥ፣ ጡሩምባቸውን አነሱ። ነፉ። ረጅም ነፉ፤ ያ ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ አፋቸው ያላዘዙትን ተናገረ።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ ዐርፈዋል! የልደቱ ባለቤት ዐርፈዋል! ዕድርተኛ፣ ውጣ!»

እንግዲህ ሰፈርተኛው መሞቷን ያውቃል። ያላለቀሰላት መሆኑንም ያውቃል። በሮች ተከፈቱ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በሕልሙ የሚሄድ ይመስል ድምፅ ሳያሰማ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አለ። የግድግዳ ጎረቤቷ እትዬ በለጡ «እህቴ፣ መስኮት ላይ ቆሜ የሸኘሁሽ» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ናዝሬት «ካት!» አለች። ማን ሊሰማት! ለቅሶ የተቀመጠ ሰው በካት አይነሳም። ከየቤቱ ንፍሮ መጣ። ገዳዮቹን የሚጫወቱት ሁለት ተዋንያን ግራ ገብቷቸው ለቀስተኛው መሀል ቁጭ አሉ። ካሜራውን ማጥፋት ማንም ትዝ አላለውም።

ለቅሶው በረድ ሲል ናዝሬት ጋሽ ልደቱን ለብቻቸው አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስሙን በሌላ ሰው ድምፅ መቀየር አለብን። የሞተው አቶ የማነ ነው፤ ታሪኩ ይበላሻል።»

«ልጄ፣ አንዴ ነው የተጠራችው። አታጥፊብኝ» አሏት።

ናዝሬት ወደ ካሜራው ሮጠች።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። ሰፈርተኛው እትዬ በለጡ ቤት ተፋፍጎ ተቀመጠ። ጋሽ ልደቱ ጥግ ይዘው የጋቢያቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጉም መጣ፣ ከጉሙ ውስጥ ጡሩምባ የያዘ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌው አፉን ሊከፍት ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ ዐርፈዋል!»

የራሳቸው ድምፅ ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የጨበጠው ገዳይ ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «አንተ፣ እሷንም ገድለሃል እንዴ?» ሲል ሰሙት።

«እኔ እኮ አንተ ነህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለው ወንድሙ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ዕለት ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ወሬው ይሄው ሆነ፤ ድራማው ከተጀመረ ወዲህ እንደዚህኛው ክፍል ያለ አልታየም ተባለ።

ጋሽ ልደቱም ሳቁ። እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ሳቁ። ዘውድነሽ ብትኖር ሆዷን ይዛ ነበር የምትንከባለለው። ወደ እትዬ በለጡ ጆሮ ጠጋ አሉና፣ «አላሳጠርኩትም፣ አይደል?» አሏቸው።