የቀበርኩት የቅርጫ ሥጋ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው። እኔ ልርሳው ብል እንኳ የዲላ ሰው አያስረሳኝም። እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ «ሥጋ ቀባሪዋ መጣች» የሚሉኝ አሉ።

የምኖረው ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት እማማ በየነች ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ መምህር ታሪኩና ሚስቱ ምሕረት ተከራይተዋል። ምሕረት ያኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። በግቢው ፍሪጅ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ፍሪጁ በስም የእኔ ይሁን እንጂ ሆዱ የሁላችንም ነው።

ለፋሲካ ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ ገብተን የሦስታችንም መደብ በእኔ ፍሪዘር ውስጥ ገባ። ሥጋውን በትንንሽ ፌስታል ስስ አድርጌ ከፋፈልኩ፤ በየፌስታሉ ላይም ስም ጻፍኩ። ታሪኩ ቀዩን ሥጋ ለብቻ አስለየኝ። ቅዳሜ የምሕረት ወላጆች ከጪጩ ይመጣሉ፣ ክትፎ በቆጮ ሊቀርብ ነው። ምሕረትም ክትፎ አምሯት ቀን ትቆጥር ነበር።

ማክሰኞ አጎቴ አርፎ ወደ ወናጎ ሄድኩ። የቤቴን ቁልፍ ለእማማ በየነች ሰጠኋቸው። አርብ ጠዋት ስመለስ ፍሪጁ ይሠራል፣ ሥጋውም ድንጋይ ሆኗል። ልዘጋው ስል ዓይኔ ሁልጊዜ ፍሪዘሩ ውስጥ የማኖራት ጠርሙስ ላይ አረፈ።

የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው። ይህችን የጠርሙስ ነገር ያስተማረችኝ የክትባት ፍሪጅ የምትጠብቀው ነርስ ናት። የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቼ አቁሜ አስበርደዋለሁ። ውሃው ሲጠጥር ገልብጬ በክዳኑ አቆመዋለሁ። በረዶው ከላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ፍሪዘሩ ቆሞ በረዶው ከቀለጠ ግን ውሃው ወደ ክዳኑ ይወርድና እንደገና ሲበርድ እዚያው ይረጋል። ያን ቀን በረዶው በሙሉ ክዳኑ ጋ ነበር።

ሥጋው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ፣ ሞቆ፣ ተመልሶ በርዷል ማለት ነው። ለስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ጠርሙሷ አትናገርም። ግቢ ወጥቼ «መብራት ጠፍቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሄድ መጣ ሲል ነበር እንጂ ብዙም አልጠፋም» አለ ታሪኩ።

እማማ በየነች ጠዋት የጠረጉትን ደጃፍ እንደገና መጥረግ ያዙ።

ሥጋው እንደማይበላ ስነግራቸው ታሪኩ ሳቀ። ገብቶ አንዱን ፌስታል አንስቶ አሸተተ።

«እትዬ ብርቄ፣ ምንም አይሸትም'ኮ።»

«በረዶ ምን ይሸታል?»

«እሺ ክትፎው ይቅር፣ ጠብሰን እንብላው።»

«እሳት ሁሉንም መርዝ አያጠፋም። አይሆንም።»

ሳቁ ጠፋ። «እንግዲያው የራስሽን ጣይ፤ የእኛን ስጪን» አለ። እማማ በየነችም ጭቅጭቁ ታከታቸው መሰለኝ፣ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ሥጋዋ ደህና ናት። ድሮ ፍሪጅ ሳትኖር አልበላንም እንዴ?» አሉ።

በልተናል። ግን የዚያን ጊዜ ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ይደርቃል እንጂ በፌስታል ታፍኖ አይውልም። ምሕረት በሯ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ታየኛለች። እሷን ሳይ የቀረችኝ ትንሽ ይሉኝታም ጥላኝ ሄደች። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ስንት ነገር ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ወይ ፍንክች።

ሥጋውን በሙሉ በሳፋ አወጣሁ። የራሴን፣ የእማማን፣ የታሪኩን፣ ሁሉንም። ውሻ እንዳያወጣው ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። ታሪኩ እየተከተለ «የሰው ንብረት ነው፣ ሽማግሌ እሰበስብብሻለሁ» ይላል። «ሰብስብ፤ እኔም ጠርሙሷን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት።

ጉድጓዱ ጉልበቴ ሲደርስ እማማ በየነች ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«እኔ ነኝ የነቀልኳት» አሉ። «መብራት ሄድ መጣ ስትል ፍሪጅሽ እንዳትቃጠልብሽ ብዬ ረቡዕ ጠዋት ነቀልኩ። ረሳሁ። ትዝ ብሎኝ መልሼ የሰካኋት ሐሙስ ከሰዓት ነው።»

አንድ ቀን ተኩል ገደማ። ታሪኩ ይህን ሰምቶ እንኳ «ቢሆንም ሳትጠይቂን» ብሎ ሄደ። እማማ ግን እያንዳንዱን ፌስታል እያነሱ ወደ ጉድጓዱ ጣሉ። አልተቆጣኋቸውም፤ ለእኔ ንብረት ብለው ነው የነቀሉት። ቅዳሜ የጪጩዎቹ እንግዶች በቆጮና በጎመን ተስተናገዱ። ምሕረትም የእንግዶቹን ትሪ ስታነሳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ታሪኩ ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላለኝም። የልጃቸው ክርስትና... አይ፣ እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ የልጃቸው ምስጋና ላይም አልተጠራሁም። ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ ገበያ ደረሰ፤ ስሜም ያኔ ወጣልኝ።

ሰው ሁሉ «ሥጋው ለመበላሸቱ ምን ማረጋገጫ አለሽ?» ይለኛል። የለኝም። ማረጋገጫው የሚገኘው ተበልቶ ነው፤ እኔ ደግሞ በምሕረት ሆድ ላረጋግጥ አልፈለግኩም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅጠሉን የሚይዘው ሰው ነው የሚሰደበው።

ለእንቁጣጣሽ እንደገና ቅርጫ ገባን። ታሪኩ መደቡን ይዞ መጣ። ልጃቸውን ያዘለችው ምሕረት ከኋላው ቆማለች። ፍሪዘሩን ከፈተና ከሥጋው በፊት ጠርሙሷን አወጣ፤ በረዶው የት እንዳለ አየ፣ መልሶ በክዳኗ አቆማት። ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አሁንም ቢደገም እቀብረዋለሁ። ገበያ ውስጥ አንዱ «ሥጋ ቀባሪዋ» ብሎ ሲጠራኝ ድሮ እንዳልሰማ አልፈው ነበር። ዛሬ ዞር እልና «አቤት» እላለሁ።