የዋርፋ ጨጓራና የሽንሌው ቅርፊት

ዋርፋ ጅግጅጋ ውስጥ ባለ አንድ ላቦራቶሪ የሙከራ አይጦች ጠባቂ ነው። ቀብሪበያ ተወልዶ ወጣትነቱን የጨረሰው በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ቶጎ ውጫሌ ደርሶ መልስ፤ ምሳ ሲገኝ ይበላል፣ ሳይገኝ ጫት ይቅማል። ጨጓራው የቆሰለው በዚያ ዘመን ነው።

ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ረመዳንንም እንዳይጾም ከለከለው። መድኃኒቱን ሕመሙ ቀለል ሲለው ተወው። ክልከላውን ግን መተው አልቻለም፤ ባለቤቱ ሱዕዲ ሰምታለች። ያን ረመዳን ሱዕዲ ቀን ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ሾርባ ስታቀርብለት ከረመች። ጎረቤት ሲመጣ ማንኪያውን ያስቀምጥና የተኛ ለመምሰል ዓይኑን ይጨፍናል።

"አፍህን ጥረግ እንጂ፤ የተኛ ሰው ጢሙ ላይ ሾርባ አይኖርም" ትለዋለች እየሳቀች። እሱ አይስቅም።

በ2015 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የጌታሁን የሚባል ወጣት ተመራማሪ አንድ የዛፍ ቅርፊት ይዞ መጣ። በሽንሌ በኩል ያሉ ሰዎች ለጨጓራ ቀቅለው የሚጠጡት፣ በጣም መራራ ነው። ጭማቂው ጨጓራን ከቁስለት ይከላከል እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። አሠራሩን ለዋርፋ አስረዳው። አይጦቹ አንድ ቀን ከውሃ በቀር ምንም አያገኙም። በማግስቱ ጠዋት ለአንዱ ቡድን ውሃ፣ ለሌላው የቅርፊቱ ጭማቂ፣ ለቀሪው የታወቀ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያ ሁሉም ጨጓራ የሚያቆስል ጠንካራ አልኮል ይጠጣሉ። በመጨረሻ ጨጓራቸው ተከፍቶ ቁስሉ ይታያል።

"ቀኑን ሙሉ አስርበህ በአልኮል ልታስፈጥራቸው?" አለ ዋርፋ።

"ለምርምር ነው፣ አዴር።" የጌታሁን እንደ ከተማው ልጆች አጎቴ ለማለት አዴር ይለዋል።

"አይጡን እይዝልሃለሁ። የአልኮሉን ጠርሙስ ግን አልነካም።"

"ተስማምተናል።"

"ቅርፊቱ ከሠራ እኔም ጠጥቼ ዘንድሮ እጾማለሁ።"

የጌታሁን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ዋርፋ ግን የምሩን ነው። ከገበያ ያንኑ ቅርፊት ገዝቶ አስቀመጠ። አቅሙን ለመፈተንም ለሱዕዲ ሳይነግር ሰኞ ዕለት ጾመ። አይጦቹም ምግብ የተከለከሉት በዚያው ቀን ነበር። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቴምሩንና ዳቦውን እዚያው አይጦቹ ክፍል ዘረጋ። አይጦቹ ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው አዩት። ዋርፋ የተራበ እያየው ብቻውን አፍጥሮ አያውቅም፤ ረዳት ሳለ እንኳ ቴምሩን ከማያውቀው መንገደኛ ጋር ይካፈል ነበር። ዳቦውን ቆርሶ በየሳጥኑ ጣለላቸው።

ማክሰኞ ሙከራው ተሠራ። የጌታሁን የመጀመሪያውን ጨጓራ ከፈተ። ሁለተኛውንም ከፈተ።

"እዚህ ውስጥ ዳቦ አለ።"

ዋርፋ ባዶውን ሳጥን መጥረግ ጀመረ።

"አዴር! ማነው ያበላቸው?"

"መግሪብ ደረሰ።"

"እና?"

"እኔ ልብላ፣ እነሱ ይዩኝ?"

"አይጥ ናቸው እኮ!"

"ወላሂ፣ ሰው መስለውኝ አይደለም። አይጥም ያያል።"

የጌታሁን ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠ። ምግቡ አልኮሉን ስላበረደው ውሃ ብቻ የተሰጣቸው እንኳ እምብዛም አልቆሰሉም፤ ቅርፊቱን የሚያወዳድርበት ነገር የለም። ሌሎች አይጦች እስኪደርሱ ደግሞ ረመዳን ገብቶ ይወጣል።

"ቆይ፣ አንተ ራስህ ጾመህ ነበር?" አለ ድንገት። "በዚያ ጨጓራህ?"

"ለሱዕዲ እንዳትነግራት።"

ረመዳን ሲገባ ዋርፋ መልሱን አላገኘም ነበር። እንደ አምናው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠ።

ሙከራው ከኢድ በኋላ ተደገመ። አይጦቹ ምግብ በተከለከሉበት ቀን ዋርፋ ገና ሳይመሽ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ለየጌታሁን ሰጠው። በማግስቱ ውሃ ብቻ የተሰጣቸው አይጦች ጨጓራ በደም መስመሮች ተዥጎርጉሮ ተገኘ። ቅርፊቱን የጠጡት ቁስላቸው ያነሰ ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ደግሞ ከእነሱም ያነሰ።

"ሠራ!" አለ ዋርፋ።

"በአይጥ ሠራ። ግን አዴር፣ እኛ የሰጠናቸው ሳይቆስሉ በፊት ነው። ጤነኛውን ጨጓራ ከለለው። የቆሰለውን ያድናል ወይ የሚለውን አላየንም።"

"የእኔ ቆስሏል።"

"ቆስሏል።"

"እንግዲያው ቅርፊቱን ለሱዕዲ ልስጣት። እሷ ገና አልቆሰለችም።"

"ካንተ ጋር ኖራ?"

በማግስቱ ዋርፋ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ያቋረጠውን መድኃኒት እንደገና አስጻፈ። የሚመጣውን ረመዳን መጾም ይችል እንደሆነ ሲጠይቅ ሐኪሙ "መጀመሪያ ይዳን" ብቻ አለው። በዚህኛው ዙር ሕመሙ ቀለል ካለው በኋላም ክኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጠ።