ግንባሯን ያየሁባት የመጋዘን ሠራተኛ

ፍተሻ በር ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። እኔ ቦርሳ አይደለም የማየው፣ ግንባር ነው። ደረቁ ይለፍ፣ ያላበው ይፈተሽ። ሥራውን ያስለመደችኝ አክስቴ፣ ሌባ እጁን ቢታጠብ ግንባሩን አይታጠብም ትል ነበር።

የልብስ ስፌት ፋብሪካችንን የመጋዘን ሠራተኛ ሁላችንም “ማዘዣ” እንላታለን። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ ያለ ማዘዣ ወረቀት አንድ ጥቅል ክር አትሰጥማ። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ ከሰው የማትቀላቀል ዝምተኛ ናት። እኔ ደግሞ ዝምተኛ አላምንም።

የማሽን መርፌ በካርቶን በካርቶን መጥፋት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ማዘዣ ከሥራ ስትወጣ፣ እንደ ደንቡ ጫማዋን ልታወልቅ አጎነበሰች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ላቧ ተንቆረቆረ፤ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። አገኘሁሽ አልኩ በሆዴ። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ፈተሽኳት፤ ምንም የለም። በማግስቱም ያው። ባዶ እጄን መቅረቴ ይብስ አናደደኝ፤ ምን ዓይነት መሰሪ ብትሆን ነው አልኩ።

አንድ ቀን ስትወጣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጀሪካን ይዛ መጣች።

“ክፈቺው” አልኳት።

“ተይኝ እህቴ፣ ሰው ፊት አይከፈትም” አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ማን ሊሰማት! ሰልፈኛው እያየ ከፈትኩት። ሽንት ነበር። ለካ ሐኪም የአንድ ቀን ሽንቷን አጠራቅማ እንድታመጣ አዟታል። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሽፋን ነው ብዬ፣ ስትፈተሽ እንደምትደነግጥ ለአለቃዬ ጻፍኩ። በዚያ ወረቀት ከሥራ ታገደች። ጥፋተኛ ከተባለች እንደምትባረር፣ ልጆቿም ሜዳ ላይ እንደሚወድቁ አውቅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታላቅ ልጇ የሐኪም ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆመች፣ አስረዳችኝም። ከኩላሊት በላይ ትንሽ እጢ አለች አሉ። ሴሎቿ የድንጋጤን መልእክት፣ አድሬናሊን የሚሉትን፣ በጥቃቅን ከረጢት አሽገው ያከማቻሉ። ነርቭ ሲያዛቸው ከረጢቱ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ይገጥምና የያዘውን ወደ ደም ያፈሳል፤ ያኔ ልብ ይደልቃል፣ ላብ ይመጣል። እናቷ ግን እጢዋ ላይ እብጠት በቅሎባታል። ስታጎነብስ ይጨፈለቅና፣ ምንም ሳያስደነግጣት ያከማቸውን ይዘረግፈዋል።

“እማዬ ምን እንዳለች ያውቃሉ እትዬ?” አለችኝ። “‘ሆዴ ውስጥ ያለው መጋዘን ያለ ማዘዣ ያወጣል’ አለች።”

እሷ ልትስቅ ሞከረች። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜም አላመንኩም። ወረቀት ማስጻፍ ማንን ያቅተዋል አልኩ። ያመንኩት ማዘዣ ሆስፒታል ተኝታ መርፌው ከመጋዘን መጥፋቱን ሲቀጥል ነው።

እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ እገዳውም ተነሳላት። ሥራ እንደገና በጀመረችበት ቀን ማታ፣ ስትወጣ በሩ ላይ አጎነበሰች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀስ ብላ ቀና አለች። ግንባሯ ደረቅ ነበር።

“ፈትሺኝ እንጂ” አለች።

እጄ እምቢ አለኝ። ግንባሬ በላብ ረጥቧል። መሐረቧን ሰጠችኝና ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

የመርፌው ሌባ እስከ ዛሬ አልተያዘም። ግንባሩ የደረቀውን ሁሉ በሰላም ግባ እያልኩ ሳሳልፍ አሥራ አራት ዓመቴ።