ውሃ ይፈላል፣ መብራት ካለ

«ኢፍ ዩ ሂት ዋተር፣ ኢት ቦይልስ፣ ኢፍ ዜር ኢዝ መብራት» አሉኝ ዛሬ እትዬ አስካለ፣ ኮስተር ብለው።

እትዬ አስካለ ልደታ በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ ናቸው። ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ይሠራሉ። ነገ ለደረጃ እድገት የእንግሊዝኛ ፈተና አለባቸው። አምና ስላላለፉ ዘንድሮ እኔን አስጠኚ አድርገውኛል።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ ዜሮ ኮንዲሽናል ነው። ‹ኢፍ› ቢኖረውም ጥርጣሬ የለበትም። ውሃ ካሞቁት ይፈላል፤ ሁሌም እውነት ነው።»

«ሁሌም?» አሉና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ የት ሰፈር ነው የምትኖሪው?»

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ ባይ፣ በአቋሜ ጸናሁ።

መብራት የምትለዋን አሰርዤ ዓረፍተ ነገሩን አምስት ጊዜ አስጻፍኳቸው። ሳያምኑበት ጻፉ፤ ለፈተናው ሲሉ።

ቤቴ ገብቼ ስቶቩ ላይ የሻይ ውሃ ጣድኩ። ገና እንፋሎት ሳያወጣ መብራቱ ድርግም አለ።

ከግድግዳው ማዶ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፦

«ቲቸር! ቦይልስ?»

እናንተንስ ተማሪያችሁ አርሟችሁ ያውቃል? ውሃዬ እስኪፈላ ጊዜ አለኝ፤ አጫውቱኝ።