ኮፍያውን የሚፈልገው ሰውዬ

ከሆሳዕና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ደላሎቹ ባዶ አውቶቡስ ከበው "አዲሳባ! የሞላ! የሞላ!" እያሉ ሲጮሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሌላው አባት ልጁን አቅፎ ሲሸኝ እሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ የምመታባቸውን ሁለቱን እጆቼን ያዙና ጸለዩባቸው። "እነዚህ ጣቶች ከጌታ ቤት ውጭ አይጫወቱ" አሉ። "አሜን" አልኩ። አሜን ማለት ምን ይከብዳል!

ለወግ ያሉት እንዳይመስላችሁ። ጓደኛዬ ጃጁራ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ አንድ፣ አንድ ብቻ ዓለማዊ ዘፈን በኪቦርድ ስለመታ፣ ስድስት ወር ከአገልግሎት አግደው ከኋላ ወንበር ያስቀመጡት እኒሁ አባቴ ናቸው።

መንገዱን አልተርክላችሁም፤ እኛ አገር ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ጆበርግ ስደርስ የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ "ለምን መጣህ?" አለኝ።

"ሰላም ፍለጋ።"

"እዚህ?" አለና ጓደኞቹን ጠርቶ ነገራቸው። አብረው ሳቁ፣ ሲበቃቸው "ለወረቀቱ ሌላ ቀን ና" አሉኝ። ያ ሌላ ቀን ይኸው አራት ዓመቱ።

ብርድ ልብስ ተሸክሜ በየቤቱ እዞር ጀመር። ምግባቸው ፓፕ የሚሉት ነጭ ገንፎ ነው፤ ቅቤ በአጠገቡ አላለፈም። በቅቤ የራሰ የሀዲያ አተካና በልቶ ላደገ ሰው ስድብ ነው። አንድ ቀን ሳዞር አንዲት አሮጊት ማዳም ደጃፍ ደረስኩ። ትንሽ ሲኒማ ቤት አላት፤ የምታሳየው ድምፅ የሌላቸውን የድሮ ፊልሞች ነው። ከስክሪኑ ሥር አንድ ሰው ፊልሙን እያየ፣ ዜማውን እዚያው ከራሱ እየፈጠረ ፒያኖ ይመታል። የዚያን ቀን ሰውዬው ቀርቶባታል።

"እኔ እመታለሁ" አልኳት።

"ኖታ ታነባለህ?"

"አላነብም።"

"ታዲያ በምን ልትጫወት ነው?"

"ሰዎቹን እያየሁ።"

ምን ልበላት? እኛ ጋ ዘማሪዋ ካሻት ቦታ ትነሳለች፣ አንተ ሮጠህ ትደርስባታለህ። ሰባኪው ዝቅ ሲል ዝቅ ትላለህ፣ ሲጮህ አብረህ ትጮሃለህ። ይሄ ሁሉ ሙያ እያለን እኮ ነው ብርድ ልብስ የምንሸጠው!

ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ኮፍያው ጠፍቶበት ይንከራተታል። ሕዝቡ፣ አሥራ ሁለት ሰው ሕዝብ ከተባለ፣ ይስቃል። ሰውዬው ሶፋው ሥር ሊያይ ተንበረከከ። ሰው ሲንበረከክ ደግሞ የእኔ ጣት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የንስሐ ጥሪ ዜማ፣ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴትዮ መሐረብ አወጣች።

"ምን ሆነሃል? ኮፍያውን እኮ ነው የሚፈልገው!" አለችኝ ማዳም ስንጨርስ።

"ይቅርታ ማዳም፣ የዳነ መስሎኝ ነው።"

ሴትዮዋን ዞር ብላ አየቻት። አሁንም ዓይኗን ትጠርጋለች። "ነገም ና" አለችኝ።

በዚያው ቀረሁ። ለአባቴ መንገር ግን ፈራሁ። ቢያግዱኝስ? ባለፈው እሑድ ሲኒማ ቤት ልምምድ ላይ እያለሁ ደወሉ።

"ታገለግላለህ?"

"አገለግላለሁ፣ አባዬ።"

"ሰው ይመጣል?"

"ይመጣል።"

"ይነካል?"

"የሚያለቅሱም አሉ።" ዋሸሁ እንዴ?

"በል አሰማኝ፣ ልጸልይልህ።"

ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀመጥኩት። በሀዲይኛ ጸለዩ፤ ዝቅ ሲሉ ዝቅ አልኩ፣ ሲጮሁ ተከተልኳቸው፣ ልክ እንደ ድሯችን። ናፍቆታቸው አንጀቴን በላው። አሜን አሉ።

"ልጄ፣ ሰውዬው ኮፍያውን አገኘ?"

እጄን ከፒያኖው ላይ አነሳሁ። ከአገሬ ልጆች አንዱ ሲኒማ ቤቱ ስጫወት በስልኩ ቀርፆ ልኮላቸዋል ማለት ነው። ሆሳዕና መች ነገር ይደበቃል!

"አገኘ፣ አባዬ።"

"እሰይ። አንተ ግን ስትመጣ ስድስት ወር ከኋላ ወንበር ነህ። ለማንም አላደላም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻ ና።"

ያለ ወረቀት በምን ልምጣ? ስድስት ወር ከኋላ ወንበር! እሱንስ ማን አግኝቶ።