ማደሪያ የሌለው መንገድ

ያን ምሽት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር የሚወርደውን የመጨረሻ መኪና ልይዝ ስነሳ፣ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"መንገድ ላይ የት ታድራለህ?"

"ከጎንደር ወዲያ አላድርም አባዬ፣ አውሮፕላን ነው። ነገ ጠዋት ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዱባይ፣ ከዚያ ሜልበርን። በማግስቱ እገባለሁ።"

"በማግስቱ? ኧረ ቅርብ ነው! እኛ በአህያ ሳንጃ ገበያ ስንወርድ እንኳ ሰው ቤት እናድር ነበር። እግራችንን አጥበው፣ አብልተው ነበር የሚያሳድሩን።"

መቼም ታውቃላችሁ፣ ለኛ አገር ሽማግሌ መንገድ የሚለካው በማደሪያ ነው። ከቦርሳዬ የዳቦ ቆሎውን ግማሽ አወጡት፤ ለአንድ ቀን መንገድ ይህ ሁሉ ስንቅ ምን ያደርጋል ብለው። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም ደስታቸውን ላለማጥፋት ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ሜልበርን የገባሁት በሐምሌ ነው። አውስትራሊያ ፀሐይ ነው ያላችሁኝ ሰዎች እግዜር ይይላችሁ! የአገሬን የወገራን ውርጭ የለመድኩት ሰውዬ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እንዲሞቀኝ ብዬ ሽንኩርት ሳቁላላ አከራዬ ከች አለ።

"ቤቱ እየተቃጠለ ነው?"

"ወጥ ነው።"

"መስኮት ክፈት።"

"ይበርደኛል።"

"እንግዲያው ወጥ አትሥራ።"

እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። ጥር ሲቃረብ እህቴ ጥሩዬ እያለቀሰች ደወለች። ሠርጓ ደርሷል፤ አባዬ ግን "ወንድሟ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ሆኖ ሳይመጣማ ድንኳን አይተከልም" ብለዋል። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ልኮ ቁርጡን ንገሩን እያለ ነው። ጾም ከገባ ሠርግ የለም፤ ሰዎቹም ሌላ ልጅ ያጩ ይሆናል።

የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ገና አልጸናም፤ ሳይፈቅዱልኝ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ፈቃድ ልጠይቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ።

"አስቸኳይ ነው?" አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ።

"እህቴ ልትዳር ነው።"

"ሞት ቢሆን አስቸኳይ ይባል ነበር። ለሠርግ ወራት ይፈጃል።"

"በረራው እኮ አንድ ቀን ነው!"

"በረራው አዎ" አለችና ፈገግ አለች።

ቤቴ ገብቼ ደወልኩ። አባዬ አነሱት።

"ምነው ልጄ፣ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም እንዴ? ቂም ይዘህብን ነው?"

ቪዛ፣ ፈቃድ፣ ቢሮ እያልኩ ባስረዳቸው ምን ይገባቸዋል? በራሳቸው መለኪያ ነገርኳቸው።

"አባዬ፣ ያኔ አላድርም ያልኩዎት ተሳስቼ ነው። መንገዱ ማደሪያ አለው። ወንዝ ሞልቶ አላሻግር ብሎኝ ሰው ቤት እያደርኩ ነው።"

"እንግዲያማ መንገደኛ ነህ። መንገደኛ አይወቀስም።" ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው "ድንኳኑን ትከሉ! ልጁ ወንዝ ሞልቶበት ነው" ሲሉ ሰማሁ። ጥሩዬ እልል አለች፤ እኔ ደግሞ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አባዬ ተመለሱ። "ያሳደረህ ሰውዬስ? ሸጋ ሰው ነው?"

ቀና ብዬ አከራዬ ከምድጃው በላይ የለጠፈውን ወረቀት አየሁ። ሽንኩርት ማቁላላት ክልክል ነው ይላል።

"ሸጋ ነው።"

"እግርህን ያጥብሃል?"

"ማታ ማታ ያጥበኛል፣ አባዬ።"